ገመና የማን ነው? እውነትስ?



የፊልም ሽልማት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ቀይ ምንጣፍ፣ የሚያብረቀርቅ ቀሚስና ማለቂያ የሌለው የምስጋና ንግግር ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠረው የአገራችን የጉማ ሽልማት ሲተላለፍም ልጆቻችን ዓይናቸውን የሚጥሉት ማን ምን ለብሶ መጣ በሚለው ላይ ነው። ክፋት የለውም። ሥራውን አሳምሮ የሠራ ሰው ሊመሰገን፣ ሊጨበጨብለት ይገባል።

በዚህ ሳምንት ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌላ ዓይነት ሽልማት ነው። «አሳምሮ ተወነ» ተብሎ ሳይሆን «የተሸሸገውን አወጣ» ተብሎ ስለሚሰጠው። «ይህ የቤተሰብ ዓምድ ነው፤ ፊልም ምን አገባው?» የምትሉ ካላችሁ መልሴ አጭር ነው። እውነትን የሚሸሽጉት ብዙውን ጊዜ ትልልቆች ናቸው፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ግን ልጆች ናቸው። ደግሞም እኛ ወላጆችና አያቶች በየጓዳችን የሸሸግነው አለ። አንዳንዱ ተሸፍኖ ቢቀር የሚሻል ገመና ነው። አንዳንዱ ደግሞ ካልወጣ የሚያመረቅዝ ቁስል ነው። ጭንቁ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ላይ ነው።

አባትና ልጅ

ታሪኩን ከእንግሊዝ አገር እንጀምረው፤ መድረሻው ወሎ ነውና።

ሪቻርድ ዲምብልቢ የሚባል የቢቢሲ ዘጋቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሆኖ በርገን ቤልሰን ወደተባለው የናዚዎች ማጎሪያ ገባ። ያየውን በድምፅ ቀርጾ ቢልክ የገዛ መሥሪያ ቤቱ ለማመን ተቸገረ፤ ዘገባውን ለማስተላለፍም አመነታ። እሱም «ካልተላለፈ ሥራዬን እለቃለሁ» ብሎ እንደቆመ ይነገራል። ተላለፈ፤ ዓለምም ሰማ። በእንግሊዝ አገር ለቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ይሰጥ የነበረ አንድ ሽልማት በዚሁ ሰው ስም ተሰይሞ ነበር።

ልጁ ጆናታን ዲምብልቢም የአባቱን ሙያ ያዘ። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከካሜራ ባለሙያዎች ጋር ወሎ ገባ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ፊልሙ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ርዕስ ነበረው። ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሥራ ነው። ያን ምሽት እራቱን በልቶ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው የእንግሊዝ ሕዝብ አጥንታቸው የወጣ ሕፃናትንና መሬት ላይ የተጋደሙ እናቶችን አየ። እርዳታ ጎረፈ። በቀጣዩ ዓመት ዛሬ ባፍታ እየተባለ የሚጠራው የእንግሊዝ የፊልምና የቴሌቪዥን ማኅበር ጋዜጠኛውን ሸለመው። የሽልማቱ ስም? የሪቻርድ ዲምብልቢ ሽልማት። ልጅ በአባቱ ስም የተሰየመውን ሽልማት ወሰደ። አባት የቤልሰንን አወጣ፤ ልጅ የወሎን።

ለልጆቻችን ስለምናወርሰው ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን ቤትና መሬት ነው። «ያየኸውን አየሁ በል» ማለትም ውርስ መሆኑን የእነዚህ አባትና ልጅ ታሪክ ያስታውሰናል።

ያልታወቀው ለማን ነበር?

የፊልሙ ርዕስ ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳል። ያ ረሃብ ያልታወቀው ለማን ነው? ለወሎ ገበሬ አልነበረም። በሬውን ሸጦ፣ ቀጥሎ የዘር እህሉን በልቶ፣ በመጨረሻ ልጆቹን ይዞ ወደ ዋናው መንገድ የወረደው እሱ ነው። በደሴና በወልድያ መንገድ ያልፉ ለነበሩ ሾፌሮችም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ርሃብተኛው መኪናቸውን እያስቆመ ቁራሽ ይለምናቸው ነበርና። ፊልሙ ከመታየቱ ከወራት በፊት፣ በ1965 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ አንስተው መጥተው ነበር። ተማሪዎቹም ጮኸዋል። አንዳንድ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችም ያውቁ ነበር፤ ግን መንግሥትን ላለማስቀየም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን እንደ ገመና ያዘው። እንግዳ ፊት የማይገለጥ፣ ጓዳ የሚቀር፣ ስም የሚያጎድፍ ነገር አድርጎ ቆጠረው። አባቶቻችን «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት በከንቱ አልነበረም። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሰው ቁጥር እስከዛሬ በግምት ነው የሚነገረው፤ ዝቅተኛው ግምት ከአርባ ሺህ ይጀምራል፣ ከፍተኛው ሁለት መቶ ሺህ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት። ስንት ሰው እንደሞተ እንኳ በቅጡ ያልተቆጠረው ነገሩ ስለተሸሸገ ነው።

ሁለት እውነተኛ ሥዕሎች

የፊልሙ ታሪክ በሽልማት አላበቃም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ አሥር ዓመት ሆኖታል። ደርግ ንጉሡን ሊያወርድ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በዘመን መለወጫው ምሽት፣ ያንኑ ፊልም አዲስ አበባ ላይ አሳየ። እንዳለ ግን አላሳየውም። በወሎ ሕፃናት መካከል የቤተ መንግሥቱን ድግስ፣ የሚጣፍጠውን ምግብና መጠጥ፣ ውሾች ሥጋ ሲበሉ የሚያሳይ ሥዕል እየሰካ ነበር። በማግስቱ መስከረም 2 ንጉሡ ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ለዛሬ ወላጆች ከዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁን ትምህርት የያዘው ይህ ምሽት ይመስለኛል። ረሃቡ እውነት ነው። ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን እውነተኛ ሥዕሎች ጎን ለጎን የሰካቸው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ዛሬ ልጆቻችን ቲክቶክ ላይ በቀን መቶ ጊዜ የሚያዩት ይህንኑ ነው። ከዚህ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ተቆርጦ ይሰካል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሐሰት ላይሆን ይችላል። «ሥዕሉ እውነት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «ማን ሰካው? ለምን ሰካው?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ማሳደግ አለብን።

የሰካው እጅ ማንነት የታወቀው ደግሞ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። በ1977 ዓ.ም. መግቢያ ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ ሲያከብር ሰሜኑ ዳግመኛ እየረገፈ ነበር። ንጉሡን «ረሃብ ደበቁ» ብሎ ያወረደው መንግሥት በዓሌ አይበላሽብኝ ብሎ በተራው ደበቀ። እንደገና የገለጠው ካሜራ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ዘጋቢና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በዚያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከነበረችው ኮረም ያመጡት ዘገባ ታየ። በብዙ አገሮች በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ተቀባበሉት። ቦብ ጌልዶፍ ሙዚቀኞችን ያሰባሰበው፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ ኮንሰርትም የተወለደው ከዚህ ዘገባ ነው።

መሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሊቀርጽ ሄዶ አንድ እጁን አጣ። በሰው ሠራሽ እጅ ሥራውን ቀጠለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ሽልማት ስንል ዋጋውንም አብረን እናስብ።

የቤታችን ዝምታ

እስካሁን ያወራነው መንግሥት ስለሚደብቀው ነው። ቤተሰብ የሚደብቀውስ?

ታማራ ዳዊት የተባለች የፊልም ሠሪ እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳሊን ፍለጋ» ልንለው የምንችል ዘጋቢ ፊልም አውጥታለች። በአብዮቱ ዘመን ኢሕአፓን ተቀላቅላ የጠፋች አክስት ነበረቻት። ሐዘኑ ስለከበደ ቤተሰቡ ስሟን ማንሳት ትቶ ነበርና ታማራ አክስት እንዳለቻት እንኳ ሳታውቅ ነው ያደገችው። ከእሷ በፊትም ሳሌም መኩሪያ «የወንዝ ማዕበል» በተባለው ሥራዋ በዚያው ዘመን ያጣቻቸውን ወንድሟንና የልብ ጓደኛዋን ፈልጋለች። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ሲሠራም እንዲሁ የአንድን ትውልድ የተቀበረ ቁስል ነው የከፈተው። ያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በቡርኪና ፋሶው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ደግሞ በፊስቱላ ምክንያት ከቤተሰብ ተለይተው ጎጆ ውስጥ ተደብቀው ይኖሩ የነበሩ አምስት ሴቶችን ተከትሎ አዲስ አበባው የፊስቱላ ሆስፒታል ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም አቀፉን የዘጋቢ ፊልም ማኅበር ሽልማት ወስዷል። ከዚያ ፊልም በኋላ «የምደብቀው በሽታ የሚድን ነው» ብላ ከቤቷ የወጣች አንዲት ሴት ካለች፣ ከዋንጫው ይልቅ እሷ ሽልማቱ ናት።

ከውጭውም አንድ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 የኦስካርን የዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደው «ስፖትላይት» ነው። የቦስተን ግሎብ ጋዜጠኞች ካህናት በልጆች ላይ የፈጸሙት ግፍ ለዓመታት እንዴት እንደተሸፈነ መርምረው ያወጡበት እውነተኛ ታሪክ ነው። ልብ የሚሰብረው ነገር የግፈኞቹ ክፋት ብቻ አይደለም። ስንት ደግ ሰው እያወቀ «ለስም ሲባል» ዝም እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሁሉም መግለጥ ጽድቅ አይደለም። «ድፍረት» የተባለውን የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ታስታውሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት ያገኘ ነው። ጠልፎ የደፈራትን ሰው ገድላ የተከሰሰች የአሥራ አራት ዓመት ልጅና ጥብቅና የቆመችላት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ታሪክ ነው። ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው ተቀምጦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። ያ ታሪክ የደረሰባት ሴት «የእኔን ሕይወት ሳታስፈቅዱኝ ነው የሠራችሁት» የሚል አቤቱታ አቅርባ ነበር። ፊልሙ በኋላ ለሕዝብ ቀርቧል። ጥያቄው ግን አልቀረበም ነበር ማለት አይቻልም። በዓለም መድረክ የተሸለመ እውነት፣ የእውነቱ ባለቤት ደጅ ቆማ ከቀረች ምኑን እውነት ሆነ?

ሲሪንቃ፣ አንድ የቡና ሰዓት

ይህ ጥያቄ በመጽሐፍ ብቻ አልቀረብኝም። ቤታችን ገብቷል።

ሲሪንቃን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትጓዙ መርሳን አልፋችሁ ወልድያ ሳትደርሱ አስፋልቱ ላይ የምታገኟት ናት። ሐብሩ ወረዳ ውስጥ ነች፤ ስሟ በአገር የሚጠራው በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። እናቴ የምትኖረው እዚያ ነው። በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ጊዜ ወጣት ሚስት ነበረች። ስለዚያ ዓመት ስትጠየቅ ዘወትር የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ክፉ ቀን ነበር፤ አለፈ።»

እኔ ከመወለዴ በፊት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። «በኩፍኝ ሞተች» ተብለን ነው ያደግነው። መቃብሯን ግን ያሳየን የለም። ልጆች ሳለን እንጠይቅ ነበር፤ መልሱ ዝምታ ሲሆንብን መጠየቅ ተውን።

የእህቴ ልጅ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ለተማሪዎች በተዘጋጀ የአጭር ፊልም ውድድር ልትሳተፍ አስባ፣ የተደበቀ ነገር የሚያወጣ ሥራ ፍለጋ ላይ ነበረች። «ሳሊን ፍለጋ»ን አይታ ነበርና ለበዓል ሁላችን ሲሪንቃ በተሰበሰብንበት፣ ቡና እየፈላ ሳለ፣ ጠየቀች።

«እማማ፣ የዚያች የሞተችው አክስቴ መቃብር የት ነው? ያሳዩኝ።»

አቦሉ ተጠጣ፤ መልስ የለም። ቶናውም ተጠጣ። በረካው ሲቀዳ እናቴ «ያንን ስልክሽን አስቀምጪው» አለቻት። አስቀመጠችው።

ልጅቱ አልሞተችም ነበር። ማለትም እናቴ እያየች አልሞተችም። አባቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ቤት ውስጥ የሚቀመስ የለም። እናቴ የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ መንገዱ ዳር ወረደች። በሦስተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴት ዳቦ ሰጠቻቸው፤ ልጅቱን ትክ ብላ አየቻትና «ስጪኝ፤ እኔ አሳድጋታለሁ» አለቻት። እናቴ ሰጠቻት። የሴትየዋን ስም አልጠየቀችም፤ የመኪናው አቅጣጫ ወደ ደሴ እንደነበረ ነው የምታስታውሰው። አባቴ ሲመለስ «ኩፍኝ ወሰዳት» አለችው። እሱም አምኖ ኖሮ፣ አምኖ አረፈ።

የእህቴ ልጅ ስታለቅስ እናቴ ናት ያባበለቻት። «አብሽሪ፣ ልጄ። ያለፈ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ቀላል አልነበረም። ወንድሜ ተቆጣ፦ «በዚህ ዕድሜዋ እናታችንን ልጇን የሰጠች ልታስብሏት ነው?» የእህቴ ልጅ መልስ ነበራት፦ «ጋሼ፣ እህታችሁ እኮ በሕይወት ልትኖር ትችላለች። አንድ ሰው ፊልሙን አይቶ ቢያውቃትስ?» ሁለቱም ልክ ነበሩ። አንዱ ገመና ይጠብቃል፣ አንዷ እውነት ትፈልጋለች፤ ሁለቱም የሚሟገቱት ስለ ወደዷት ነው። የማናችንም ያልሆነውን ነገር እኛ እየተከራከርንበት እንደሆነ ያስታወሰን እናቴ ራሷ ናት። «እኔን የጠየቀኝ አለ?» አለች።

ተጠየቀች። ፈቀደች፤ ግን በልኳ። ፊቷ አይታይም፤ ጀበና የያዙት እጆቿ ብቻ ይታያሉ። ስሟ አይጠራም። ተሠርቶ ሲያልቅ ከማንም በፊት እሷ ትሰማዋለች፤ ያልፈለገችው ይወጣል። ስለ ውድድሩ ስንነግራት እጇን አወናጨፈች። «እኔ ለሰው ብዬ አይደለም። በሕይወት ካለች ትስማኝ ብዬ ነው። እናቴ ጣለችኝ ብላ ከሆነ የኖረችው፣ አልጣልኳትም። አብራኝ እንዳትሞት ነው የሰጠኋት።»

የዘጠኝ ደቂቃ ፊልም ሆነ። እናቴ ሰምታ አንድ ቦታ ይውጣ አለች፤ ስለ አባቴ የተናገረችው ነበር። እሱን ቆርጦ ለማስተካከል ሁለት ቀን ፈጀ፤ የውድድሩ ቀነ ገደብም አለፈ። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን አኮረፈች እንጂ አልተጸጸተችም። ፊልሙ አሁን ከዘመድ ዘመድ በስልክ ይዞራል። ደሴ ደርሷል፣ ኮምቦልቻ ደርሷል፣ አዲስ አበባም አለ። እስካሁን ከየትም የመጣ ድምፅ የለም። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ የልጇን ስም በየቀኑ ትጠራለች፤ ሃምሳ ዓመት ሳትጠራው የኖረችውን ስም። ይህን ጽሑፍም ከማውጣቴ በፊት አንብቤላታለሁ። «ይኸን ተወው፣ ያን ጻፈው» እያለች አስተካክላዋለች፤ ያነበባችሁት እሷ የፈቀደችውን ነው።

ለቤታችን የሚሆን

ከነዚህ ሁሉ ፊልሞችና ከቤታችን ከተማርኩት ለወላጅና ለአያት ይጠቅማል የምለውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ፣ ገመናና በደል ይለያያሉ። ገመና የባለቤቱ ነው፤ መግለጥም መሸፈንም የእሱ ፈንታ ነው። በደል ግን የሁሉም ነው። ልጅ ተደፍራ፣ ሰው ተርቦ፣ ሰው ተገድሎ «ገመና ነው» ማለት አይቻልም። አንድን ነገር ልትሸፍኑ ስትሉ «ይህን በመሸፈኔ የሚድነው ማን ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሚድነው የተበደለው ከሆነ ሸፍኑ። የሚድነው በዳዩ ከሆነ ግለጡ።

ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ፊልም ከልጆች ጋር ስታዩ ዕድሜን እዩ። የተራበ ሕፃን ወይም የተገደለ ሰው የሚያሳይ ሥዕል ለሰባት ዓመት ልጅ እውቀት አይሆንም፤ ቅዠት ይሆናል። ለአሥራ አምስት ዓመቱ ግን አብራችሁት ተቀምጣችሁ ካያችሁ ትምህርት ነው። «አብራችሁት» የሚለውን አስምሩበት። ለብቻው በስልኩ ካየው ሥዕሉ ብቻ ይቀርለታል፤ ከእናንተ ጋር ካየው ትርጉሙም ይቀርለታል። ሲያልቅ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። በፊልሙ ውስጥ ማን ተናገረ? መናገር ሲገባው ያልተጠየቀው ማን ነው? ፊልሙ በመታየቱ ማን ተጠቀመ? የመስከረም 1ቀን 1967ቱን ፊልም ያየ ተመልካች እነዚህን ሦስቱን ቢጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር ቀድሞ ይገባው ነበር።

ሦስተኛ፣ አያቶቻችሁን ቅረጹ፤ ግን አስፈቅዳችሁ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ እነ መሐመድ አሚን ይሸከሙት ከነበረው ካሜራ በክብደት አይወዳደርም። ቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ለምን እንደምትቀርጹ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ እንደምታጠፉት። ፊታቸውን ማሳየት ካልፈለጉ እጃቸው ይበቃል፤ እጅ ብዙ ይናገራል። «ምን ተሰማዎት?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ያን ጊዜ ምን ትበሉ ነበር? ውኃ ከየት ነበር? ጎረቤት ማን ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ። ከባዱ ነገር በራሱ ጊዜ ይመጣል። ካልመጣም አታስገድዱ።

አራተኛውና ለእኛ ትውልድ የሚከብደው፣ እኛም የምንደብቀው አለን። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወልድያና መርሳ ሲደርስ ልጆቻችን ያዩትን አይተዋል። «ልጅ ነው፤ ይረሳዋል» ብለን ዝም ያልን ብዙ ነን። ልጅ አይረሳም፤ የሚያወራበት ሲያጣ ያስቀምጠዋል እንጂ። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ የልጅ ልጁ በበረካ ላይ እስክትጠይቀው ባንጠብቅ ይሻላል። አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ «ያን ጊዜ ምን አየህ?» በሉትና ስሙት። መፍትሔ ባይኖራችሁም ግድ የለም። መሰማቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፤ ግን ሳይጠየቅ የሚጠራ እውነት የለም። ጠያቂውም የተጠያቂውን ክብር የሚያውቅ መሆን አለበት። ዋንጫ ለማግኘት ሳይሆን የተሸሸገበት ሰው እፎይ እንዲል የሚጠይቅ ልጅ ካሳደግን፣ በየቤታችን ተሸላሚ አለ ማለት ነው።

በእናንተስ ቤት ያልተጠራ ስም አለ? ባለቤቱ ከፈቀደ ጻፉልኝ፤ ካልፈቀደ ደግሞ እናንተው ጋ ይቆይ። ሳምንት ያገናኘን።